«እምቢ» ለማለት የሚያስችል ሕግ፦ የወሲብ ንግድ ሠራተኞች መብት ምን ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2024 ቤልጂየም ውስጥ አንድ አዲስ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። በወሲብ ንግድ የምትተዳደር ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ማንኛውም ተቀጣሪ የሥራ ውል መፈረም ትችላለች። ብትታመም የሕመም ፈቃድ፣ ብትወልድ የወሊድ ፈቃድ አላት። ጡረታ ይታሰብላታል። ሥራውን ብትተው የሥራ አጥ ድጎማ ታገኛለች። ዜናው በዓለም የመጀመሪያው ተብሎ በየቦታው ተዘገበ።

እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ አብዛኛው ሰው «ታዲያ መንግሥት ደገፈው ማለት ነው?» ይላል። የሚጠበቅ ጥያቄ ነው። ሃይማኖቱን የሚያከብር፣ ሴት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ቢጠይቀው አይገርምም። ግን ሥራውን ወደድነውም ጠላነውም፣ ዛሬ ማታ እየሠራች ያለች ሴት አለች። ደንበኛ ቢደበድባት የት ትሄዳለች? የቤቱ ባለቤት ገንዘቧን ቢበላት ማንን ትከሳለች? አንዱን ሰው «አልፈልግም» ብትል ማደሪያዋን ታጣለች? አንድ አገር ለእነዚህ ሴቶች ጥበቃ አለው ወይስ የለውም የሚለውን ለማወቅ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅ ይበቃል። እኔ ሕጎቹን የማያቸው በዚህ መነጽር ነው።

(በዚህ ሥራ ውስጥ ወንዶችም አሉ። እዚህ በብዛት ስለ ሴቶች የማወራው ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩ በዋናነት የሚነካው እነሱን ስለሆነ ነው።)

አገሮች ምን ያደርጋሉ?

አንዳንድ አገሮች ሻጯንም ገዢውንም ይቀጣሉ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች እንደዚህ ናቸው። ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ፣ ወረቀት አልባ ሆና፣ ኑሮ ገፍቶ ወደዚህ ሥራ ያስገባት እህታችን ብትደፈር ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ለእሷ ራሷን አሳልፎ መስጠት ነው። እስርና ከአገር መባረር ይጠብቃታል። ይህን ደፋሪውም ያውቃል። ዝምታዋን አስቀድሞ ተማምኖ ነው የሚመጣው።

ሌላው መንገድ በስዊድን ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ እዚያ የሚቀጣው ገዢው ብቻ ነው፤ ሻጯ አትከሰስም። ኖርዌይና አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ፈረንሳይ በ2016 ተከተሉ። እስራኤልም በ2018 መጨረሻ ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ከ2020 ጀምሮ ገዢውን መቅጣት ጀመረች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው 2,000 ሰቅል ይከፍላል። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ፈላጊ ከጠፋ ንግዱ ይቀንሳል፣ ሴቲቱም አትቀጣም። በቅንነት የተነሣ ሐሳብ ነው፤ ብዙ የሴቶች መብት ተሟጋቾችም ይደግፉታል።

ሥራው ላይ ያሉት ግን የሚሉት ሌላ ነው። ገዢው መያዝ ሲፈራ ጨለማ ቦታ ይመርጣል። ስሙንና ስልኩን አይሰጥም። መኪናው ውስጥ ግቢ ብሎ ያጣድፋታል። ድሮ ሰውየውን አይታ፣ አነጋግራ፣ ሰክሯል ወይስ አልሰከረም ብላ የምትመዝንባት ያቺ ትንሽ ጊዜ ትጠፋለች። በፈረንሳይ ከ200 በላይ የዚህ ሥራ ሠራተኞች ይህንኑ ይዘው ወደ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄደው ነበር። ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2024 ፈረንሳይ የአውሮፓን የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት አልጣሰችም ብሎ ወሰነ። ስለዚህ በአውሮፓ ይህ መንገድ በሕግ ደረጃ እንደቆመ ነው።

ጀርመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራውን ሕጋዊ አድርጋ፣ ከ2017 ጀምሮ ሠራተኞቹ በመንግሥት ቢሮ እንዲመዘገቡ አስገደደች። በ2023 መጨረሻ የተመዘገቡት ወደ 30,600 ገደማ ነበሩ። ብዙዎች ስማቸው መዝገብ ላይ እንዳይሰፍር ፈርተው ቀርተዋል። ነገ ሌላ ሥራ ስትፈልግ፣ ልጅ የማሳደግ ክርክር ቢመጣባት፣ ያ መዝገብ ምን ያመጣባት ይሆን ብላ ትሰጋለች። ያልተመዘገበች ሴት ደግሞ ራሷ ሕግ ተላላፊ ትሆናለች። ለመጠበቅ የመጣው ሕግ ብዙዎቹን ከውጭ አስቀራቸው።

በአንድ ድምፅ ያለፈው የኒውዚላንድ ሕግ

ኒውዚላንድ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ ከሁሉ ብዙ የምንማርባት እሷ ነችና።

እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ እዚያ ራሱ ወሲብ መሸጥ በቀጥታ ወንጀል አልነበረም። ነገር ግን ደንበኛ መጋበዝ፣ ቤት መያዝ፣ በሌላዋ ገቢ መኖር ወንጀል ነበሩ። ሥራው ሳይከለከል ሥራውን ለመሥራት የሚያስፈልገው ሁሉ ተከልክሎ ነበር ማለት ነው። ፖሊስ ኮንዶም ሲያገኝ ለማስረጃ ይይዘው ስለነበር አንዳንድ ቤቶች ኮንዶም በግልጽ ማስቀመጥ ይፈሩ ነበር። የሕጉ ፍራቻ ጤናን ገደለ።

እ.ኤ.አ. በ1987 ሠራተኞቹ ራሳቸው ማኅበር መሥርተው ነበር። ለዓመታት ከፓርላማ አባላት ጋር ተሟገቱ። በጁን 2003 ረቂቁ ለድምፅ ሲቀርብ 60 ደገፉ፣ 59 ተቃወሙ፣ አንድ አባል ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ጆርጂና ቤየር የምትባለው የፓርላማ አባል በዚህ ሥራ ያለፈች ነበረች። ተነሥታ የደረሰባትን ተናገረች። በሥራው ላይ ሳለች ጥቃት ሲደርስባት ሕጉ ከጎኗ እንዳልነበረ ነገረቻቸው። ልዩነቱ አንድ ድምፅ ብቻ ሆኖ ሳለ የእሷ ንግግር ምን ያህል እንደመዘነ መገመት አያስቸግርም።

ሕጉ ውስጥ ሦስት አንቀጾች በተለይ ልብ ሊባሉ ይገባል።

አንቀጽ 7 የወሲብ አገልግሎት ውል ለሕዝብ ሞራል ተቃራኒ ነው ተብሎ ብቻ ፈራሽ አይሆንም ይላል። ይህ ደረቅ የሕግ ቋንቋ ይመስላል። ግን ትርጉሙ ትልቅ ነው። ገንዘቧን የበላትን ሰው ፍርድ ቤት ማቆም ትችላለች። ዳኛው «ይህን ጉዳይ አልሰማም» ብሎ አይመልሳትም።

አንቀጽ 17 ደግሞ ውሉ ምንም ቢል፣ ማንም ሰው በማንኛውም ሰዓት አገልግሎቱን ለመስጠት ወይም ለመቀጠል እምቢ ማለት ይችላል ይላል። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ አንብቧቸው። ውሉ ይጸናል፤ ገላዋ ግን በውል አይያዝም። ደንበኛው ያልተፈጸመ ውል ነው ብሎ ገንዘቡን ቢጠይቅ ይችላል። ማስገደድ ግን አይችልም። ከፈለ ማለት ገዛት ማለት አይደለም። ለእኔ የሕጉ ልብ ይህ ነው።

ሦስተኛው አንቀጽ 18 ነው። መንግሥት ድጎማ ለምትቀበል ሥራ አጥ ሴት «ይህ ሥራ አለልሽ፣ ካልገባሽ ድጎማሽ ይቋረጣል» ማለት አይችልም። ሥራው ሕጋዊ ከሆነ ሴቶች በግድ ይገፉበታል ብለው ለሚሰጉ ሰዎች የተሰጠ መልስ ነው።

ከዚህ ሌላ ኮንዶም ግዴታ ነው። አራትና ከዚያ በታች ሆነው፣ አለቃ ሳይኖራቸው፣ አንድ ቤት ውስጥ አብረው የሚሠሩ ሴቶች ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። አንዷ ከውስጥ ስትጮህ ሌላዋ ከሳሎን ትሰማለች። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያሠማራ ወይም የገዛ ሰው ደግሞ እስከ ሰባት ዓመት ይታሰራል። ሰውን አስገድዶ ያስገባ እስከ 14 ዓመት።

ወረቀት ላይ ያለ ሕግ መሬት ሲወርድ ምን ይመስላል? እ.ኤ.አ. በ2014 በዌሊንግተን አንዲት ሠራተኛ የምትሠራበትን ቤት አስተዳዳሪ በወሲባዊ ትንኮሳ ከሰሰችው። ብዙ ሰው «እዚያ ቤት እየሠራች እንዴት ስለ ትንኮሳ ትናገራለች?» ሊል ይችላል። የሰብዓዊ መብት ጉዳዮችን የሚያየው ችሎት ግን እንደዚያ አላለም። በዚህ ሥራ ላይ መሆኗ ለትንኮሳ ፈቃድ አይሆንም፤ እንደ ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ጥበቃ ይገባታል ብሎ 25,000 የኒውዚላንድ ዶላር ካሳ ወሰነላት። በ2021 ደግሞ ከሠራተኛዋ ጋር በኮንዶም ተስማምቶ ሳለ ሳትፈቅድ ያወለቀ ደንበኛ በአስገድዶ መድፈር ጥፋተኛ ተብሎ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ተፈረደበት። የተስማማችው በኮንዶም ነበር። ከዚያ ውጭ ያለው ስምምነት የሌለበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ ሕጉ ያመጣውን ለውጥ ሲያጠና፣ የሠራተኞቹ ቁጥር በሕጉ ምክንያት እንዳልጨመረ ደመደመ። ብዙዎቹም መብት እንዳላቸው እንደሚያውቁ ተናገሩ። ይህ ማለት ሁሉ ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም። ጥቃት አልጠፋም፣ ፖሊስ ጋር መሄድ የሚፈሩም አሉ። አብዛኞቹ እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ግል ሠራተኛ ስለሚቆጠሩ የዓመት ፈቃድና የሕመም ፈቃድ የላቸውም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን አንቀጽ 19 ነው። በጊዜያዊ ቪዛ አገሩ የገቡ ሰዎች በዚህ ሥራ እንዳይሰማሩ ይከለክላል። የታሰበው ሕገ ወጥ ዝውውርን ለመከላከል ነው። ውጤቱ ግን ስደተኛዋ ጥቃት ሲደርስባት ከአገር እንዳትባረር ፈርታ ዝም እንድትል አደረገ። ከሁሉ ይበልጥ ጥበቃ የሚያስፈልጋት ሴት ከጥበቃው ውጭ ቀረች።

ቤልጂየም አንድ እርምጃ ስትጨምር

የቤልጂየም ነገር የተጀመረው በኮሮና ጊዜ ነው። አገር ምድሩ ሲዘጋ ለሌላው ሠራተኛ ድጎማ ሲሰጥ፣ በዚህ ሥራ ላይ የነበሩት አብዛኞቹ በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም። ግብር የማይከፍሉ ሆነው ሳይሆን በሕግ ዓይን ሥራቸው ሥራ ስላልነበረ። ምግብ የሚያጡ ሴቶች ተገኙ። የሠራተኞቹ ማኅበር ይህን ይዞ ጮኸ፣ ፖለቲከኞችም ሰሙ።

መጀመሪያ የወንጀል ሕጉ ተቀየረ፤ ከጁን 2022 ጀምሮ። ከዚያ በፊት ከእነሱ ጋር የሚሠራ ሰው ሁሉ በደላላነት ሊከሰስ ይችል ነበር። ሒሳብ የሚሠራላት፣ የምትሠራበትን ክፍል የሚያከራያት፣ የሚያመላልሳት ሾፌር ሳይቀር። አዲሱ ሕግ ከሰው ጉልበት ያላግባብ የሚጠቀመውንና የሚያስገድደውን ብቻ ለይቶ ይቀጣል። ቀጥሎ በሜይ 2024 የሥራ ሕጉ ጸደቀ። በፓርላማ አንድም የተቃውሞ ድምፅ አልነበረም፤ 93 ደገፉ፣ 33 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ።

ሕጉ ለተቀጣሪዋ ምን ይሰጣል? ደንበኛን እምቢ ማለት ትችላለች። አንድን ድርጊት እምቢ ማለት ትችላለች። የጀመረችውን በማንኛውም ሰዓት ማቋረጥ ትችላለች። እንዴት እንደምትሠራም የምትወስነው ራሷ ናት። እነዚህን በማድረጓ ልትባረር ወይም ልትቀጣ አይገባም። ሥራው ሲበቃት ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ መውጣት ትችላለች፣ ድጎማዋንም አታጣም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ሆኖም ከዚህ ሕይወት ለመውጣት የምትፈልግ ሴት የመጀመሪያ ጭንቀቷ «የሚቀጥለውን ወር ምን እበላለሁ?» የሚል ነው። ሕጉ ለዚያ ጭንቀት ገንዘብ መድቦ መልስ ሰጥቷል። ሴቶቹ ከዚህ ሥራ ይውጡ የሚል ሰው ሁሉ ይህን ነጥብ መደገፍ አለበት ብዬ አምናለሁ።

አሠሪ መሆን የሚፈልግም አስቀድሞ ከመንግሥት ዕውቅና መጠየቅ አለበት። በአስገድዶ መድፈር፣ በሰው መነገድ ወይም በመሳሰለው ወንጀል የተፈረደበት ሰው አያገኝም። በየክፍሉ የአደጋ ጊዜ ማንቂያ ደወል መኖር አለበት። ንጹሕ አንሶላ፣ መታጠቢያ፣ ኮንዶም ማቅረብ ግዴታው ነው። የሠራተኛ ማኅበራትና ረጂ ድርጅቶች ቤቱ ገብተው ሠራተኞቹን ማነጋገር እንዲችሉ በሩን ክፍት ማድረግ አለበት።

ጉድለቶችም አሉት። አንዲት ሠራተኛ በስድስት ወር ውስጥ ከአሥር ጊዜ በላይ እምቢ ካለች እሷም ሆነች አሠሪው የመንግሥት አካል ጣልቃ እንዲገባ መጠየቅ ይችላሉ። ለማስታረቅ ነው ይላሉ። እኔን ግን ያሳስበኛል። እምቢ ማለት መብት ከሆነ ለምን ይቆጠራል? አሠሪው ቆጠራውን እንደ ማስፈራሪያ ሊጠቀምበት ይችላል። ሕጉ የሚመለከተው ደግሞ ተቀጣሪዎችን ብቻ ነው። በግሏ የምትሠራው አትካተትበትም። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት ስደተኛም ውል መፈረም አትችልም፤ ከአፍሪካ ተሰደው ብራስልስ መንገድ ላይ የቆሙ ሴቶች ከዚህ ሁሉ ወሬ ያገኙት ነገር ትንሽ ነው።

«ማንም ወዶ አይገባበትም» ለሚሉ

ይህን ክርክር በቁም ነገር እወስደዋለሁ። አብዛኞቹ በድህነት ይገባሉ። አንዳንዶቹ ተታለው፣ አንዳንዶቹ በልጅነታቸው፣ አንዳንዶቹ በኃይል። ተታልላ ወይም ተገድዳ የገባች ሴት ሠራተኛ አይደለችም፤ የወንጀል ተጎጂ ናት። ልጅ ደግሞ በምንም መንገድ ሠራተኛ ሊባል አይችልም። ይህን ከአዋቂ ሴት ውሳኔ ጋር ማምታታት ሁለቱንም ይጎዳል።

ድህነት የገፋት አዋቂ ሴትስ? ድህነት ገፍቷት በገባችበት ሥራ ላይ መብት መንሣት ድህነቷን አይቀንስላትም። የበለጠ አቅም ያሳጣታል። በዚህ ላይ ካናዳ ውስጥ የሆነውን ላንሣ። በቫንኩቨር ለዓመታት ከመንገድ ላይ ሴቶች ይጠፉ ነበር፤ አንድ ነፍሰ ገዳይ እየወሰደ ይገድላቸው ነበር። በዚያው ጊዜ ሴቶቹ ከደንበኛ ጋር የሚገቡበት አንድ መጠለያ ቤት ተከፍቶ ነበር። ሕጉ ግን ቤቱን እንደ ወንጀል ቦታ ስላየው ተዘጋ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2013 እንዲህ ያሉትን ሦስት ድንጋጌዎች በሙሉ ድምፅ ሻረ። ሴቶች አብረው እንዳይሠሩ፣ ጠባቂ እንዳይቀጥሩ፣ ደንበኛን አስቀድመው አነጋግረው እንዳይመዝኑ ማድረግ ሕይወታቸውን አደጋ ላይ ይጥላል ነው ያለው። ፓርላማው በቀጣዩ ዓመት ገዢውን ወደሚቀጣው መንገድ ዞረ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አላበቃም። ፍርድ ቤቱ ያነሣው ነጥብ ግን አልተመለሰም። ሴቶችን እንዳይጎዱ ብሎ የወጣ ሕግ እየጎዳቸው ሲገኝ ሕጉ መታረም አለበት።

ወደ አገራችን ሲመጣ

ብዙ ሰው ሴተኛ አዳሪነት በኢትዮጵያ ወንጀል ነው ብሎ ያምናል። አንዳንድ ፖሊሶችም እንደዚያ አድርገው ይናገራሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን አዋቂ ሴት ገላዋን በመሸጧ ብቻ አይቀጣትም። አንቀጽ 634 የሚቀጣው በሌላ ሰው ሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደረውን፣ ደላላውን፣ ለዚሁ ሥራ ቤት ከፍቶ የሚያስተዳድረውን ነው። አደባባይ ላይ ሰውን ባልተገባ መንገድ ለወሲብ መጋበዝ በደንብ መተላለፍ ሊያስቀጣ ይችላል፤ ይህ ግን ከባድ ወንጀል ከመፈጸም የተለየ ነው።

ስለዚህ የእኛ ሕግ ሴቲቱን አይከሳትም። አያውቃትምም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1716 ከሕግ ወይም ከመልካም ጠባይ ጋር የሚቃረን ውል አይጸናም ይላል። የኒውዚላንድን አንቀጽ 7 አስታውሱ፤ ይህ የእሱ ተቃራኒ ነው። አዳር ተስማምቶ፣ ጠዋት ሳይከፍል የሄደን ደንበኛ ውል አፍርሷል ብላ ልትከሰው አትችልም። ቤቱ ለሾርትም ለአዳርም ከምታገኘው ላይ ግማሹን ቢወስድባት፣ ባለቤቱ ራሱ ሥራው የተከለከለ ስለሆነ ደረሰኝም ውልም የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ቺቺኒያ ሰፈር ብትሠራ ወይም ሰባተኛ፣ በቃል ተስማምታ በቃል ትበደላለች።

ነገር ግን ሁሉ በር ዝግ አይደለም። ብዙዎች የማያውቁት ጥበቃ አለ፤ እሱን ማወቅ ዛሬውኑ ይጠቅማል።

በቡና ቤት ወይም በምሽት ክበብ በአስተናጋጅነት የተቀጠረች ሴት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ናት። ባለቤቱ «አንቺ የምትኖሪው በጉርሻ ነው» ቢላትም። የሥራ ውል በቃልም ይመሠረታል፤ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ ደብዳቤ ሊሰጣት ይገባል። ደመወዝ፣ የሳምንት ዕረፍት፣ የዓመት ፈቃድ አላት። ብታረግዝ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይገባታል። አዋጁ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃትን ይከለክላል። ከደንበኛ ጋር ካልወጣሽ አታድሪም የሚላት አለቃ የሥራ ሕግ ከመጣስ አልፎ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 634 ሊያስጠይቀው ይችላል። ከደንበኛ ጋር ወጣች አልወጣች፣ አስተናጋጅ ሆና የሠራችበት ደመወዝ ደመወዟ ነው።

አስገድዶ መድፈርም እንደዚሁ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 ከአምስት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይላል። የተጎጂዋን ሥራ የሚጠይቅ አንድም ቃል አንቀጹ ውስጥ የለም። ከአንድ ሰው ጋር ተስማምታ ክፍል ስትገባ ሦስት ሆነው ቢጠብቋትና በኃይል ቢይዟት፣ ይህ በቡድን የተፈጸመ መድፈር ነው፤ ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ፖሊስ «አንቺ ደግሞ ማን ይደፍርሻል» ቢላት የተናገረው የራሱን አስተያየት ነው፤ ሕጉ እንደዚያ አይልም። ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ከሆነ ልጅ ጋር ግንኙነት የፈጸመ ወንድ ተስማምታ ነበር፣ ተከፍሏት ነበር ብሎ አያመልጥም፤ ከሦስት እስከ 15 ዓመት ያስቀጣዋል። አታሎ ወይም አስገድዶ ለዚህ ሥራ ከገጠር ያመጣትን ደግሞ በሰው የመነገድ ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በከባዱ ይጠይቀዋል።

አንቀጾቹ ካሉ ችግሩ ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። አንቀጹን ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው ነው የጠፋው። ማኅበራዊ ውግዘቱ ሴቲቱን አስቀድሞ ዝም አሰኝቷታል። ጣቢያ ስትደርስ የሚያሾፍባት አለ። የቤት ባለቤቷ ክስ እንደመሠረተች ከሰማ ያስወጣታል። ለእኔ ለውጥ መጀመር ያለበት እዚህ ነው። የሥራ ውል ሕግ እስኪመጣ ሳይጠበቅ፣ ፖሊስ የጥቃት አቤቱታን የአመልካቿን ሥራ ሳይጠይቅ እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል። አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም። መመሪያና ሥልጠና ይበቃዋል። አንቀጽ 634ም ጨካኙን ደላላ ከሁለት ሴቶች የጋራ ኪራይ እንዲለይ ሆኖ ቢሻሻል ብዙ ሕይወት ያተርፋል።

እስከዚያው፣ ይህን የምታነቡ ወይም ለምታውቋት ሴት የምትነግሩ ካላችሁ፣ ጥቃት ከደረሰ በመጀመሪያ የሚኬደው ሐኪም ቤት ነው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ለእርግዝና መከላከያውም ቶሎ መድረስ ያስፈልጋል። ገላዋን ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን ልብስ ሳታጥብ ብትሄድ ማስረጃው አይጠፋም። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን አንድ ቦታ ላይ የሚያገናኝ ማዕከል አለ። ከመደፈር ካረገዘች በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 መሠረት ጽንሱን ማቋረጥ ትችላለች፤ ለዚህም የራሷ ቃል ይበቃል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠበቅም። ነፃ የሕግ ምክር ለምትፈልግ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይሰጣል። ጉዳዩ የአስተናጋጅነት ደመወዝ ከሆነ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ደመወዙ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ ስድስት ወር ካለፈ አቤቱታው በይርጋ ይቀራል፤ ስለዚህ የሠራችባቸውን ቀናት፣ አብረዋት የነበሩ ምስክሮችንና በስልክ የተላከላትን ገንዘብ መልእክት ይዛ ቶሎ ብላ ማመልከት አለባት።